ሻለቃና የእትዬ አስካለ እጅ

እትዬ አስካለ ወደ ዶሃ እንደማይመለሱ የሰማነው ባለፈው ዓርብ ነው። እንደ ልማዳችን ዶሃ፣ መንሱራ ሰፈር፣ እኛ ቤት ምሳ ቀርቦ፣ ሰዉ ሁሉ እጁን ታጥቦ ተቀምጧል። እማዬ ስልኳን ከውሃው ጆክ ጋር አስደግፋ የድምፅ መልእክታቸውን ከፈተችው።

«እንደምን ናችሁ? እኔ ደኅና ነኝ። ኸላስ፣ አልመለስም። ብርድ ልብሴን ለአልማዝ ስጧት። ማሽን ውስጥ እንዳትከተው፣ በእጅ ነው የሚታጠበው።»

አልማዝ ከእማዬ ጋር ፀጉር ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። ሐዘንና ደስታ ፊቷ ላይ ሲጋፉ አየሁ፤ ብርድ ልብሱ ወፍራም ነው።

«አሁን ነፍስ ይማር ነው የሚባለው ወይስ ምንድን ነው?» አለች።

«አንቺ! ደብረ ብርሃን ናቸው እኮ፣ ሰማይ ቤት አይደሉም» አለቻት እማዬ።

«ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ብርድ ልብሱን ለሰው የሚሰጥ ደኅና ሰው ነው?»

ሁሉም ሳቀ፤ ከዚያ እያንዳንዱ የእትዬ አስካለን ወንበር ሰረቅ አድርጎ አየ። መልእክቱ ገና አላለቀም ነበር፤ ቀሪውን በቦታው እነግራችኋለሁ። አሁን ግን ሴትዮዋን ራሳቸውን ላምጣላችሁ፤ ካላወቃችኋቸው የቀረባችሁን አታውቁትም።

እትዬ አስካለ አጭር፣ ሰፊና የቸኮሉ ሴት ነበሩ። መዲናት ኸሊፋ የሚባል ሰፈር አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ እየኖሩ ይሠሩ ነበር። ዓርብ ዓርብ አሠሪዎቻቸው፣ ማዳምና ባሏ ባባ፣ ዘመድ ቤት ምሳ ሲሄዱ እሳቸው ወደ እኛ ይመጣሉ። ገብተው ሰላም ከማለታቸው በፊት ወደ ምድጃው ይሄዱና የድስቱን ክዳን አንሥተው ያሸታሉ። «ምነው ልጆቼ፣ ይሄ ሽንኩርት ምን በደላችሁ?» ይላሉ። ወጡ የእማዬ ከሆነ ትንሽ ይራሩለታል። የአልማዝ ከሆነ ግን ክዳኑን ቀስ አድርገው ይመልሱና እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

አንድ ሃይማኖት የሚመስል እምነት ነበራቸው፤ ምግብን የሚያጣፍጠው ቅመም ሳይሆን እጅ ነው። «እጅ የሌለው ሰው ቅመም ቢያገኝ፣ ፀጉር የሌለው ሰው ማበጠሪያ አገኘ ማለት ነው» ይሉ ነበር። ይህን ሲናገሩ ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው በመጀመሪያ መዳፉን፣ ቀጥሎ ጀርባውን ያሳዩናል፤ ልክ ፖሊስ አስቁሞት ኢቃማውን ፊትና ኋላ እንደሚያሳይ ሰው። እውነትም የመኖሪያ ፈቃዳቸው እጃቸው ነበር።

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ማዳም ለመክሳት የወሰነች ጊዜ ነው። ማዳም ሃምሳዎቹን ያለፈች፣ ልጆቿን ድራ የጨረሰች ሴት ናት። ከገበያ አንድ የኤሌክትሪክ ፕሬሸር ኩከርና አንድ ከረጢት አጃ አስጭና መጣች። «አስካለ፣ ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አጃ ነው የምበላው፤ ከፍራፍሬ ጋር» አለች።

እንግዲህ በእኛ አገር አጃ በጠዋት ለማን እንደሚሠራ የታወቀ ነው። አጥሚት የአራስ ነው። ጤነኛ ሴት ከመሬት ተነሥታ አጃ አማረኝ ካለች ነገር አለ። እትዬ አስካለ የማዳምን ፊት አዩ፣ ሆዷን አዩ፣ ሆዷ ደግሞ ያኔ ለመጠርጠር የሚበቃ ነበር። ከዚያ በዚያ የእብነ በረድ ወጥ ቤት ውስጥ እልልታቸውን አቀለጡት። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ!» ብለው የማዳምን ትከሻ ሳሙ። ማዳም ምንም አልገባትም፤ ግን የመክሳት ውሳኔዋ ይህን ያህል ሰው ያስደስታል ብላ ስላልጠበቀች በጣም ተደሰተች።

ዓርብ እኛ ቤት ወሬው ደረሰ።

«በዚያ ዕድሜዋ?» አለች እማዬ።

«ሳራስ በስተርጅና አይደል የወለደችው!» አሉ እትዬ አስካለ። «ባይሆን ዝም በሉ፣ ባባ ራሱ ገና የሰማ አይመስለኝም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዳምን እንደ እንቁላል ያዟት። ዕቃ አታንሺ፣ ደረጃ አትሩጪ፣ ካልሲ አድርጊ፣ ኤሲው ወገብሽን እንዳይመታሽ። አጃውንም ለአራስ እንደሚሠራ አድርገው፣ ፖም ከትፈው፣ ተምር ፈልፍለው፣ ዘቢብ፣ ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ከአገር ቤት የመጣ ኮረሪማ ወቅጠው ጨምረው አሳመሩት። ማዳም በሕይወቷ እንደዚያ የተንከባከባት ሰው የለም። ወራት አለፉ። የማዳም ሆድ ግን በመግፋት ፈንታ እየጎደለ ሄደ። እትዬ አስካለ መጀመሪያ ተጨነቁ፤ ጸሎት ያዙ። አንድ ቀን ማዳም የድሮ ቀሚሷ እንደገና ልኳ መሆኑን እየተሽከረከረች ስታሳያቸው ነው የነቁት።

«ሬጂም ነው ለካ!» አሉን በዚያ ዓርብ፤ ሬጂም ዐረቦቹ ለመክሳት የሚጦሙት ጦም ነው። «ያላረገዘችን ሴት ስንከባከብ ከረምኩ። ማርያምን እኮ በከንቱ ነው ያስቸገርኳት!»

ያን የኤሌክትሪክ ማብሰያ ማሽን መጀመሪያ ይፈሩት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሲጮህ አልቋል ብለው ማስተንፈሻውን በረጅም ጭልፋ ከበር ኋላ ሆነው ገፉት። እንፋሎቱ አጃውን ይዞ ወደ ላይ ወጣ፤ ከፊሉ ጣራው ላይ፣ ከፊሉ ደግሞ ውሃ ሊጠጣ የገባው ባባ ነጭ የዐረብ ቀሚስ ላይ አረፈ። ስሙንም ያን ዕለት አወጡለት። «ሻለቃ ነው» አሉ። «በልጅነቴ ቀበሌያችን አንድ ሻለቃ ነበር። መጀመሪያ ይጮሃል፤ ከዚያ ይተነፍሳል፤ ንዴቱ እስኪበርድለት ማንም አጠገቡ አይደርስም። በርዶለት ሲከፈት ግን ከውስጡ ደግ ሰው ይወጣል።»

እኔ በሻለቃ ታሪክ ውስጥ የገባሁት አንድ ዓርብ ከአባባ ጋር እትዬ አስካለን ልናደርሳቸው ስንሄድ ነው። ማዳም አልተመለሰችም ነበርና ወደ ወጥ ቤቱ ጎትተው አስገቡኝ።

«ማሂ፣ አንቺ እንግሊዝኛ ታውቂያለሽ። እዚህ ላይ ምን ይላል? እኔ መብራት የበራበትን እየተጫንኩ በእግዜር ኃይል ነው የምሠራው።»

እያነበብኩ ተረጎምኩላቸው። ይሄ ሩዝ፣ ይሄ ሾርባ፣ ይሄ ሥጋ፣ ይሄ ገንፎ።

«ምን አልሽ?»

«ገንፎ፣ እትዬ። የአጃ ገንፎ። ይህን ከተጫኑት ራሱ ያበስላል፣ ራሱ ያቆማል። እንፋሎቱ በራሱ እስኪወጣ መጠበቅ ብቻ ነው።»

እትዬ አስካለ ማሽኑን እንደ ከሃዲ ወዳጅ አዩት። ከዚያ ከመሳቢያው ቁስል የሚታሸግበትን ነጭ ፕላስተር አወጡ፣ በጥርሳቸው ቆረጡና ጽሑፉ ላይ ለጠፉበት።

«ይህን የምናውቀው እኔ፣ አንቺና እግዜር ነን።»

«ሻለቃስ?»

«ሻለቃ ይጮሃል እንጂ አይናገርም።»

ከዚያ በኋላ አጃቸው አንድም ቀን አልተበላሸም። ድስቱን ከውስጥ ቅቤ ይቀቡታል፣ አጃው አረፋ እንዳያነሣ ከግማሽ አያሳልፉትም፣ ፍራፍሬውንና ቅመሙን አስገብተው ክዳኑን ያዞራሉ። ያችን የታሸገች ቁልፍ በአውራ ጣታቸው ድብቅ አድርገው ይጫኗታል። ቀጥሎ ያለው ቲያትር ነው። ክዳኑ ላይ ያማትባሉ፣ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ ቀኝ መዳፋቸውን ከክዳኑ በላይ ዘርግተው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ማዳም በር ላይ ቆማ ታያለች። ዐረቦቹ ምግቧ ለሚጣፍጥ ሴት «ነፈስ አላት» ይላሉ፤ እስትንፋሷ ምግቡ ውስጥ ይገባል ማለታቸው ነው። ማዳም ለጓደኞቿ «የኔ አስካለ ነፈስ አላት፤ ማሽኑ እንኳ ከሷ በቀር ለማንም አይታዘዝም» ትላለች። ይህን ለእኛ ሲነግሩን እትዬ አስካለ እጃቸውን አነሡ፤ መዳፉን አሳዩን፣ ጀርባውን አሳዩን።

አንድ ዓርብ ግን ገብተው ድስቱን ሳያሸቱ ተቀመጡ። እማዬ ደነገጠች።

«ምነው እትዬ፣ አመመዎት?»

«ትዕግስቴ አርግዛለች።»

ትዕግስት አንድ ልጃቸው ናት፤ ደብረ ብርሃን ነው ያለችው። ትንሽ ሆና ነው ጥለዋት የመጡት። ሠርጓን ያዩት በስልክ፣ ያውም ኬኩ ሊቆረስ ሲል ኔትወርኩ ቀድሞ ተቆርጦባቸው ነው። እልል አልን። እሳቸው ግን እልልታውን አልተቀበሉም።

«ማዳምን ልጄ ልትወልድ ነው፣ ሄጄ ላርሳት ብዬ ለመንኳት። ማን ይንከባከባታል? ማን አጥሚት ይሠራላታል?»

«አማቷ አለች አይደል?» አለች አልማዝ።

«የአማቷን አጥሚት በቪዲዮ አይቼዋለሁ። ግድግዳ ሊለስኑበት ነው ብዬ ነበር።»

«ማዳም ታዲያ ምን አለች?»

«ኢንሻአላህ።»

ዶሃ የኖረ ሰው ኢንሻአላህ ሁለት ዓይነት እንደሆነ ያውቃል። አንደኛው ቶሎ ይባልና «እሺ» ማለት ነው። ሁለተኛው ረዘም ብሎ፣ ዓይን ወደ ስልክ ዞሮ ይባልና «ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ» ማለት ነው። የማዳም ረጅሙ ነበር። ትኬቱንም ፈቃዱንም የምትሰጠው እሷ ናት። «ቁርሴን ማን ይሠራልኛል? ሌላ ሰው ነፈስ አለው?» ብላ ጨርሳዋለች።

እትዬ አስካለ ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አዩት። «ይሄ ነው ያሰረኝ» አሉ። «ያልወለደችውን ስንከባከብ፣ የምትወልደው ልጄ ባዶ ቤት ልትተኛ ነው።»

ከዚያ ጦርነቱ ተጀመረ። እትዬ አስካለ አጃውን ሆን ብለው ሊያበላሹት ቆረጡ፤ ማዳም ራሷ «ሂጂልኝ» እንድትል። መጀመሪያ ጥቁር አዝሙድ ሞጀሩበት። ማዳም ቀመሰችና ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ «ሐባ ሶዳ! የእናቴ መድኃኒት!» ብላ ሳመቻቸው። ቀጥለው አብሽ ጨመሩ፤ ያ መራራ አብሽ። ማዳም «ሁልባ! የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ የበላሁት!» አለችና ሳህኑን ጠረገችው። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠው ጤና አዳም ቅጠል ከነግንዱ ነከሩበት። እሱን ማዳም አላወቀችውም፤ ስላላወቀችው ፎቶ አንሥታ ለጓደኞቿ ላከችው። በሳምንቱ ከአል ቱማማ ድረስ መኪና አሰልፈው መጡ። «ከሐበሻ ተራራ የመጣ የቅጥነት ቅጠል» ተብሎ ነበር የተነገራቸው። አንዷማ ግንዱን በናፕኪን ጠቅልላ ወሰደች።

«ልጆች፣ ነገ አሸዋ ብጨምርበት የቆዳ ውበት ነው ይሉኛል» አሉን።

ቀኑ እየገፋ ነበር። የትዕግስት ሆድ በየቪዲዮው ይተልቃል። አንድ ዓርብ እማዬ አልቻለችም።

«እትዬ፣ እውነቱን ለምን አይነግሯትም?»

«የቱን እውነት?»

«ማሽኑ ራሱ ነው የሚሠራው ይበሏታ። ማንም ይችለዋል ይበሏት።»

እትዬ አስካለ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ጉርሻቸውን አስቀመጡ። ይህን አድርገው አያውቁም።

«ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ?» አሉ።

እማዬ እንጀራ ጨመረችላቸው። ሊሄዱ ሲሉ በር ላይ ወደ እኔ ዞሩ። «ማሂ፣ ነገ ቅዳሜ ትምህርት የለሽም አይደል? ከአባትሽ ጋር በጠዋት ነዪ። ምስክር እፈልጋለሁ።»

ቅዳሜ ስደርስ ማዳም በሐር ካባ ወጥ ቤቱ መሐል ቆማለች፤ እትዬ አስካለ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እሳቸው በዚያ ወጥ ቤት ሲቀመጡ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ሁለት እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ጠቅልለው ቋጥረውታል።

«እጅሽ ምን ሆነ?» አለች ማዳም።

«ምንም። ዛሬ አይሠራም። ዛሬ የምትሠሪው አንቺ ነሽ።»

በዐረብኛ አንቱታ የለምና እትዬ አስካለ ማዳምን «አንቺ» ማለቱ ሁልጊዜ ደስ ይላቸው ነበር። ያን ቀን ግን ድምፃቸው ደስ አላለውም።

«እኔ? እኔ ሻይ እንኳን አላፈላም!»

«ያላ፣ በይ ማዳም፣ ድስቱን ቅቤ ቀቢው።»

ማዳም ቀባች፤ ከድስቱ ይልቅ ካባዋ ቅቤ ጠገበ። ፖሙን በትላልቁ ገመሰችው። ተምሩን ከነፍሬው ልትጨምር ስትል ነጠላው ውስጥ ያለው እጅ ጆንያ ውስጥ እንዳለ ድመት ሲንቀሳቀስ አየሁት። ግን አልወጣም። «ፍሬውን አውጪው» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው። ቀረፋው፣ ዝንጅብሉ፣ ኮረሪማው፣ አጃው፣ ውሃው ገባ። ክዳኑ ዞረ።

«አሁን መዳፌን እዘረጋለሁ?» አለች ማዳም፣ ዓይኗን ልትጨፍን ተዘጋጅታ።

እትዬ አስካለ ተነሡ። ነጠላውን ፈትተው ቀኝ እጃቸውን ብቻ አወጡ፣ ፕላስተሩን በጥፍራቸው ጫር ጫር አድርገው ላጡት። ከዚያ እጃቸውን መልሰው ደበቁት።

ማዳም አነበበች። ፕላስተሩን አየች። እትዬ አስካለን አየች።

«ይሄ ሁሉ ጊዜ እዚህ ነበር?»

«እዚያ ነበር።»

«ነፈሱስ?»

«ሻለቃ ነው የሚተነፍሰው፣ ማዳም። እኔ አብሬው እቆማለሁ።»

ማዳም ቁልፏን ተጫነች። እስኪበስል ድረስ፣ ተናዳ ታባርራቸው ይሆን፣ ትኬቱንም ትከለክላቸው ይሆን እያልኩ ፍሪጁ በር ላይ ያሉትን ስዕሎች እቆጥር ነበር። ሻለቃ ጮኸ፤ እስኪበርድለት ጠበቅነው። ማዳም ራሷ በሳህን አቅርባ ለባባ ወሰደችለት። ባባ ስልኩን እያየ ቀመሰ፣ ስልኩን አስቀመጠ፣ ደገመ።

«አስካለ!» ብሎ ተጣራ። «ወላሂ፣ ዛሬ ከሌላው ቀን ሁሉ ይበልጣል!»

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አለች ማዳም።

«አንቺ?» ብሎ ባባ ሳቀ።

ማዳም ወደ እኛ ዞረች። «አስካለ፣ ንገሪው!»

«ማዳም ናት» አሉ እትዬ አስካለ። «እጄን አላስነካሁም።»

ያኔ ማዳም ቀኝ እጇን ከፍ አደረገች። መዳፉን አየች። ገልብጣ ጀርባውን አየች።

«ነፈስ አለኝ ለካ» አለች ቀስ ብላ።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ይበልጥ አጠበቁ። «አለሽ እንጂ። እጅሽ ይጣፍጣል፣ ማዳም» አሉ። ከዚያ በዚያው ትንፋሽ «ትኬቱስ?» ሲሉ፣ «ኢንሻአላህ!» አለች፤ አጭሩን።

ከበር እስከ መኪናው ሸኙኝ። የመኪናውን በር ይዘው ቆሙና «ተምሩን ከነፍሬው ልትከተው ነበር እኮ!» አሉ። መሳቃቸው ይሁን ማልቀሳቸው አልለየልኝም፤ አባባም ሬዲዮኑን ዘጋላቸው።

ትዕግስት ከመውለዷ በፊት ደረሱ። ማዳም ኤርፖርት ድረስ ሸኝታ፣ አዲስ ማሽን ገዝታ አስያዘቻቸው፤ የሻለቃን ወንድም። ጓደኞቿ ደግሞ አሁን የሚመጡት የማዳምን እጅ ለመቅመስ ነው ይባላል።

አሁን ወደዚያ መልእክት ልመለስ። ስለ ብርድ ልብሱ ተጨቃጭቀን ስናበቃ እማዬ ቀሪውን ከፈተችው።

«ትዕግስት በሰላም ተገላግላለች፤ ሴት ልጅ። እኔን ትመስላለች፣ ሰፊ ናት። እዚህ መብራት ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይሄዳል። ሻለቃን ዳንቴል አልብሼ ቡፌው ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ጡረታ ወጥቷል። አጥሚቱን በከሰል ነው የምሠራው። ጎረቤቱ ሁሉ እየቀመሰ እጅሽ ይጣፍጣል ይለኛል። እኔ ግን እጄ አይደለም፣ ያ ያያችሁት የዶሃ ማሽን ነው የሠራው እላለሁ።»

«ምን ነካቸው?» አለች አልማዝ።

«ምን ነካሽ እንዳትሉኝ» አለ መልእክቱ፣ የሰማት ይመስል። «እጄ ነው ካልኩ የሰፈሩ አራስ ሁሉ እኔን ነው የሚጠብቀው። አንዴ ታስሬበታለሁ፣ ይበቃኛል። ከእንግዲህ እጄ የ...»

ከኋላ ሕፃን አለቀሰች። የድስት ክዳን ሲነሣ ተሰማ። ከዚያ የእትዬ አስካለ ድምፅ ከስልኩ ርቆ፣ መንሱራ ድረስ ግድግዳችንን አናወጠው፦

«ትዕግስት! ክዳኑን መልሺ! እንዳትነኪው ብያለሁ፣ በኔ እጅ ካልሆነ ይጓጉላል!»